ሥራ ማግኘትና በሥራ መቆየት
በአሜሪካ የመንግሥት ርዳታ ተቀባዮችን ወደ ሥራ ለማሠማራት የተደረገው ሙከራ ታሪክ

መግቢያ

ችግረኛን መርዳት በየአገሩ የቆየ ልማድ ነው። የተረዳው ሰው ርዳታውን ትቶ በገዛ ሥራው እንዲተዳደር ማድረግ ግን ከመርዳት የተለየና የከበደ ጉዳይ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ሕግ ያወጣች፥ ብዙ ገንዘብም ያፈሰሰች፥ የሠራችውንም በጥንቃቄ እያስመረመረች በጽሑፍ ያስቀረች አገር የአሜሪካ የተባበሩት መንግሥታት ናት። ስለዚህ ታሪኩን መመልከት ለማኅበራዊ ኑሮ ተማሪ ይጠቅማል።

በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው አሳብ ባጭሩ ይህ ነው። የአሜሪካ ሕግ አውጪዎች ከ1967 ጀምሮ ርዳታ ተቀባዮችን «ሥራ ለማስያዝ» ያወጧቸው ደንቦች ሁሉ የሥራቸውን ውጤት የለኩት በሁለት ነገር ነበር፤ ይኸውም ስንት ሰው ሥራ ያዘ፥ ስንት ሰውስ ከርዳታ መዝገብ ተሠረዘ በማለት ነው። ሥራ የያዘው ሰው ከዓመት በኋላ በሥራው ላይ መገኘቱንና ልጆቹ ከቀድሞው የተሻለ መብላታቸውን ግን ሕጉ አልጠየቀም። ያልተጠየቀውም ነገር ሳይሠራ ቀረ። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. ርዳታው እንዴት እንደ ተጀመረ

ኢሊኖይ የተባለው ግዛት በ1911 ባል ለሌላቸው እናቶች ገንዘብ የሚሰጥ ሕግ አወጣ፤ ሌሎችም ግዛቶች ተከተሉት። የሕጉ መሠረት እናት ከቤት ወጥታ ከምትሠራ ልጆቿን ብታሳድግ ይሻላል የሚል ነበር። ፕሬዚዳንት ሮዝቬልት በነሐሴ ወር 1935 የፈረሙት የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ይህንኑ አሳብ ወስዶ «የጥገኛ ልጆች ርዳታ» የሚባል ክፍል አቋቋመ። ገንዘቡን የሚያድለው እያንዳንዱ ግዛት ሲሆን፥ ማዕከላዊው መንግሥት ለመጀመሪያው ልጅ በወር እስከ 18 ዶላር፥ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ልጅ እስከ 12 ዶላር ከሚደርሰው ወጪ አንድ ሦስተኛውን ይተካ ነበር። ለእናቲቱ ለራሷ የሚታሰብ ድርሻ እስከ 1950 ድረስ አልነበረም።

እንግዲህ በመጀመሪያው ሕግ «ሥራ ፈልጊ» የሚል ቃል አይገኝም። የሕጉ አሳብ እናቲቱ ከቤት እንድትውል ነበርና። ነገር ግን ይህ ቸርነት ለሁሉ እኩል አልደረሰም። ሉዊዚያና በ1943 ባወጣችው ደንብ ልጆቻቸው ሰባት ዓመት የሞላቸው እናቶች በእርሻ ላይ ሠራተኛ በሚፈለግበት ወራት ርዳታው እንዲቋረጥባቸው አዘዘች። ጆርጂያም በ1952 ተመሳሳይ ደንብ አወጣች። ደንቡ በቃሉ ዘር ባይለይም በተግባር የከበደው በጥቁር እናቶች ላይ ነበር፤ የጥጥ ለቃሚ እጅ እንዳይጎድል የተደረገ ብልሃት መሆኑ የታወቀ ነው። ስለዚህ በርዳታና በሥራ መካከል የተደረገው የመጀመሪያው ግንኙነት ተቀባዩን ለመርዳት ሳይሆን ለባለ እርሻው ርካሽ ጉልበት ለማቅረብ ሆኖ እናገኘዋለን። ይህን መዘንጋት አይገባም፤ ኋላ የመጡት ሕጎች በሙሉ የተጠረጠሩት በዚህ ምክንያት ነው።

በ1939 ሕጉ ሲሻሻል፥ ባላቸው የሞተባቸው እናቶች አብዛኞቹ ወደ ጡረታ መድኑ ተዛወሩ። በርዳታው መዝገብ የቀሩት የተፈቱ፥ ባላቸው የከዳቸውና ያላገቡ እናቶች ሆኑ። ሕዝቡ ለመበለት የነበረውን ርኅራኄ ለእነዚህ አልሰጠም። በሌላ በኩል ደግሞ ያገቡ ሴቶች ራሳቸው በብዛት ወደ ፋብሪካና ወደ ቢሮ መግባት ጀመሩ። በ1960 ሦስት ሚሊዮን ያህል የነበሩት ርዳታ ተቀባዮች ከዐሥር ዓመት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ከዐሥር ሚሊዮን በላይ በሆኑ ጊዜ «እነዚህስ ለምን አይሠሩም?» የሚለው ጥያቄ በምክር ቤቱ ውስጥ በረታ።

ለ. የ1967 ሕግና የሒሳቡ ነገር

በዚያ ዘመን ሥራ የያዘች ርዳታ ተቀባይ ምን ያገኛት እንደ ነበር በሒሳብ መመልከት ያስፈልጋል። አንዲት እናት በወር 120 ዶላር የምታስገኝ ሥራ ብትይዝ፥ ለሥራ ያወጣችው ወጪ ከታሰበላት በኋላ የቀረው ሁሉ ከርዳታዋ ላይ ይቀነስ ነበር። ሠርታም ሳትሠራም ገቢዋ አንድ ነው ማለት ነው። ይህን ያየ ሰው ስንፍናን ሳይሆን ሒሳብን ይወቅሳል።

የ1967 ሕግ ሁለት ነገር አደረገ። አንደኛ፥ ከደመወዙ የመጀመሪያው 30 ዶላርና ከቀረው አንድ ሦስተኛው ከርዳታው እንዳይቀነስ ፈቀደ። ከላይ ባቀረብነው ምሳሌ 30 ሲወጣ 90 ይቀራል፤ የ90 ሢሶ 30 ነው፤ ስለዚህ እናቲቱ ከ120 ዶላር ደመወዟ 60 ዶላሩን ትጠቀምበታለች ማለት ነው። ሁለተኛ፥ «የሥራ ማበረታቻ ፕሮግራም» የተባለውን፥ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ «ዊን» የሚባለውን ክፍል አቋቋመ። የርዳታው መሥሪያ ቤት ተቀባዮቹን ይልካል፤ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ደግሞ ያሠለጥናል፥ ሥራም ያፈላልጋል።

ውጥኑ መልካም ነበረ። ነገር ግን የተመዘገበው ብዙ፥ ሥልጠና የተሰጠው ጥቂት፥ ሥራ የያዘው ደግሞ ከዚያ ያነሰ ሆነ። የሕፃናት መዋያ በበቂ አልተዘጋጀም፤ ሁለቱ መሥሪያ ቤቶችም አንዱ በሌላው ላይ ያመካኙ ነበር። በ1971 ሕጉ ሲሻሻል ከስድስት ዓመት በታች የሆነ ልጅ የሌላት እናት ሁሉ መመዝገብ ግዴታዋ ሆነ፤ ክብደቱም ከሥልጠና ወደ ፈጣን ቅጥር ተዛወረ። ለብዙዎቹ ግን ግዴታው ስም ከማስመዝገብ አላለፈም።

ይህን ሁሉ ተቀባዮቹ ዝም ብለው አልተመለከቱም። በ1966 የተመሠረተው ብሔራዊ የርዳታ መብት ድርጅት እናቶችን በየከተማው አሰባሰበ። ከመሪዎቹ አንዷ የነበሩት ጆኒ ቲልሞን ራሳቸው ልብስ ንጽሕና ቤት የሠሩ፥ ኋላም ታመው ርዳታ የተቀበሉ እናት ነበሩ። ድርጅቱ ልጅ ማሳደግም ሥራ ነው፤ ከቤት ውጭ ሥሩ ከተባልንም ኑሮ የሚያስችል ደመወዝ ይሰጠን ሲል ተከራከረ።

ሐ. በዕጣ የተደረገው ምርመራ

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለተመራማሪ ከሁሉ የሚጠቅመው ክፍል ይህ ነው። በ1974 የፎርድ ድርጅትና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በመተባበር «የሰው ኃይል ሠርቶ ማሳያ ምርምር ኮርፖሬሽን» የተባለ ተቋም አቋቋሙ። ይህ ተቋም የመጀመሪያ ሥራው ያደረገው «የተደገፈ ሥራ» የሚባለውን ፕሮግራም መመርመር ነበር። ለረጅም ጊዜ ርዳታ የተቀበሉ እናቶች፥ ከእስር ቤት የወጡ ሰዎች፥ የአደንዛዥ ዕፅ ሱስ የነበረባቸውና ትምህርት ያቋረጡ ወጣቶች በቡድን ሆነው፥ በቅርብ አለቃ እየተመሩ፥ ሥራውም ቀስ በቀስ እየከበደ እንዲሄድ ተደርጎ፥ ከአንድ ዓመት ተኩል ለማይበልጥ ጊዜ ደመወዝ እየተከፈላቸው ሠሩ።

የምርመራው ብልሃት ግን በዕጣው ላይ ነው። ለፕሮግራሙ ብቁ ከሆኑት ሰዎች ገሚሶቹ በዕጣ እንዲገቡ ሲደረግ፥ ገሚሶቹ በቀድሞው ኑሯቸው ቀጠሉ፤ የሁለቱም ወገን ኑሮ ለዓመታት ተመዘገበ። ይህ ለምን አስፈለገ? ብዙ ርዳታ ተቀባዮች ማንም ሳይረዳቸው በራሳቸው ሥራ አግኝተው ይወጣሉና ነው። ሜሪ ጆ ቤንና ዴቪድ ኤልዉድ የተባሉት ምሁራን በ1980ዎቹ ዓመታት እንዳሳዩት፥ ወደ ርዳታው ከሚገቡት ብዙዎቹ የሚቆዩት ለጥቂት ጊዜ ነው፤ በአንድ ቀን በመዝገቡ ላይ ከሚገኙት ግን የሚበዙት የረጅም ጊዜ ተቀባዮች ናቸው። ነገሩ የሚጋጭ ይመስላል እንጂ አይጋጭም። በአንድ ቤት ውስጥ አንድ ክፍል ዓመቱን በሙሉ የሚቀመጥ ተከራይ፥ ሌላው ክፍል በየወሩ የሚለዋወጥ እንግዳ ቢኖርበት፥ በዓመቱ ከገቡት 13 ሰዎች 12ቱ የአንድ ወር እንግዶች ናቸው፤ በማናቸውም ቀን ቤቱን ብንቈጥር ግን ከሁለቱ ነዋሪዎች አንዱ የዓመት ተከራይ ነው። እንግዲህ አንድ መሥሪያ ቤት «ይህን ያህል ሰው ሥራ አስያዝሁ» ቢል፥ ከእነዚያ መካከል ስንቱ በራሱ ይወጣ እንደ ነበር ካላወቅን አነጋገሩ ትርጕም የለውም።

የተደገፈው ሥራ ውጤት ብዙዎችን አስደነቀ። ከአራቱ ወገኖች በሥራ ገቢ ረገድ ጸንቶ የተጠቀመው፥ ሰዎች «ተስፋ የላቸውም» ሲሏቸው የነበሩት የረጅም ጊዜ ርዳታ ተቀባይ እናቶች ነበሩ። ኋላም በ1986 ሮበርት ላሎንድ የተባለ የኤኮኖሚ ተመራማሪ በዚሁ መዝገብ ተጠቅሞ፥ ያለ ዕጣ የሚደረግ ማነጻጸር ከእውነተኛው ውጤት እጅግ ሊርቅ እንደሚችል አሳየ።

መ. ሪቨርሳይድ፤ «ማናቸውንም ሥራ ያዙ»

በ1981 የፕሬዚዳንት ሬገን መንግሥት ከላይ የተናገርነውን የሠላሳ ዶላርና የሢሶ ደንብ በአራት ወር ወሰነው። ከአራት ወር በኋላ ሠራተኛዋ እናት ወደ አሮጌው ሒሳብ ተመለሰች። በዚያው ሕግ ግን ግዛቶች በየራሳቸው መንገድ እንዲሞክሩ ተፈቀደላቸው። ከሙከራዎቹ በጣም የታወቀው ካሊፎርኒያ በ1985 ያወጣችው «ጌይን» የተባለው ፕሮግራም ነው።

በስድስት አውራጃዎች በዕጣ ምርመራ ተደረገ። አንዳንዶቹ፥ ለምሳሌ አላሜዳ፥ በትምህርትና በሥልጠና ላይ አተኰሩ። የሪቨርሳይድ አውራጃ ኃላፊ ሎረንስ ታውንሰንድ ግን ለሠራተኞቻቸውና ለተቀባዮቹ አንድ ትምህርት ብቻ ደጋግመው አስተማሩ፤ የመጀመሪያው ሥራ ደመወዙ ቢያንስም ያዙት፥ ሥራ ሥራን ይወልዳል የሚል ነበር። እያንዳንዱ ሠራተኛ በወር ስንት ሰው ሥራ ማስያዝ እንዳለበት ተወሰነለት፤ አሠሪዎችን እየዞሩ ክፍት ቦታ የሚጠይቁ ሰዎችም ተመደቡ።

በሦስት ዓመት ውስጥ በሪቨርሳይድ ዕጣ የደረሳቸው ነጠላ ወላጆች ገቢ ካልደረሳቸው በ49 በመቶ በለጠ፤ የተከፈላቸውም ርዳታ በ15 በመቶ አነሰ። መንግሥት ላወጣው አንድ ዶላር 2.84 ዶላር ተመለሰለት። ዜናው በአገሩ ሁሉ ተሰማ፤ ሌሎች ግዛቶችም ሊቀዱት ተጣደፉ።

እኛ ግን ያንኑ ሒሳብ ከእናቲቱ ወገን ሆነን እናስበው። የደመወዙ ጭማሪ በሦስት ዓመት 3,113 ዶላር፥ የርዳታው ቅናሽ 1,983 ዶላር ነበር። ልዩነቱ 1,130 ዶላር ነው። ይህ ለ1,095 ቀናት ሲካፈል በቀን አንድ ዶላር ያህል ይደርሳል፤ ከዚህም ላይ ገና ግብርና የምግብ ኩፖን ቅናሽ ይነሣል። እንግዲህ ለግምጃ ቤቱ ትልቅ ድል የሆነው ነገር ለቤተ ሰቡ የዳቦ መግዣ ያህል ነበር። ይህን ስንል ሪቨርሳይድ ምንም አልሠራም ማለታችን አይደለም፤ ከተመረመሩት አውራጃዎች በሦስት ዓመቱ የበለጠው እርሱ ነው። ነገር ግን ድሉ የማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል።

ቆይቶም ሌላ ነገር ታየ። ሆትስ፥ ኢምበንስና ክለርማን በ2006 ባወጡት ጥናት የእነዚያኑ ሰዎች መዝገብ እስከ ዘጠኝ ዓመት ሲከተሉ፥ የፈጣን ቅጥሩ ብልጫ እየሳሳ፥ የትምህርቱ ጥቅም ደግሞ እየጎለበተ መሄዱን አገኙ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ነው። ይሁን እንጂ ሕግ አውጪዎቹ ውሳኔያቸውን ያደረጉት የሦስት ዓመቱን ቍጥር ይዘው ነበርና ይህ ማስረጃ የደረሰው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው።

ሠ. ከ1988 እስከ 1996

ሴናተር ዳንኤል ፓትሪክ ሞይኒሃን ብዙ የደከሙበት የ1988 የቤተ ሰብ ድጋፍ ሕግ በመቆየት ጉዳይ ላይ ከሌሎቹ የተሻለ ነበር። ሥራ ይዛ ከርዳታ የወጣች እናት ለአንድ ዓመት ያህል የልጆች መዋያ ክፍያና ሕክምና እንዲቀጥልላት አዘዘ። ብዙዎች ሥራቸውን የሚተዉት ልጅ ሲታመም ወይም ሞግዚት ሲጠፋ በመሆኑ ይህ የማስተዋል ሥራ ነበር። ነገር ግን በ1990 የኤኮኖሚ ድቀት መጣ፤ ግዛቶችም የራሳቸውን ድርሻ ማዋጣት ስላቃታቸው ከማዕከላዊው መንግሥት የተመደበላቸውን ገንዘብ በሙሉ ሳይወስዱ ቀሩ።

በዚሁ ዘመን በቺካጎ ካብሪኒ ግሪን በተባለው ሰፈር በ1985 የተጀመረውና ቶቢ ኸር የመሩት «ፕሮጀክት ማች» የተባለው አነስተኛ ድርጅት ከትልልቆቹ የተሰወረውን ነገር አየ። ሥራ ያስያዛቸውን ሰዎች ለዓመታት ስለ ተከታተለ፥ የመጀመሪያውን ሥራ በጥቂት ወራት ውስጥ ማጣት የተለመደ ነገር መሆኑን ተረዳ። ስለዚህ ከርዳታ መውጣት የአንድ ቀን ድርጊት ሳይሆን፥ መውደቅና መነሣት ያለበት የረጅም ጊዜ ጕዞ ነው ሲል ደመደመ። ሰው ሥራውን ባጣ ጊዜም ጥፋተኛ ብሎ ከማሰናበት ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሥራ እንዲያገኝ ያግዘው ነበር።

የ1996 ሕግ የሄደው ግን በሌላ መንገድ ነው። ፕሬዚዳንት ክሊንተን በነሐሴ ወር የፈረሙት ይህ ሕግ የ1935ቱን ርዳታ ሽሮ «ለችግረኛ ቤተ ሰቦች ጊዜያዊ ርዳታ» የሚባለውን ተካ። ማዕከላዊው መንግሥት በሚሰጠው ገንዘብ ማንም ቤተ ሰብ በዕድሜው ከ60 ወር በላይ እንዳይረዳ ወሰነ፤ ለችግር የተተወው ልዩ ፈቃድም ከመዝገቡ 20 በመቶ እንዳይበልጥ አደረገ። ለግዛቶቹ በዓመት 16.5 ቢሊዮን ዶላር ያህል በጥቅል ተመደበ፤ የዋጋ መናር ግን አልታሰበበትም። ግዛቶች እስከ 2002 ድረስ ከተረጂ ቤተ ሰቦቻቸው ግማሹን በሥራ እንዲያሰማሩ ታዘዙ፤ ሆኖም የመዝገቡ ቍጥር በቀነሰ መጠን ይህ ግዴታ እንዲቀልላቸው ሌላ አንቀጽ ተጨመረ። የክርክራችን ዋና ማስረጃ ይህ አንቀጽ ነው። አንዲት እናት ሥራ ይዛም ትውጣ፥ ቅጣት ደርሶባትም ትውጣ፥ ደጃፉ ላይ ተመልሳም ትቅር፥ በሕጉ ሚዛን ክብደቷ አንድ ነበር።

በ1994 አምስት ሚሊዮን ያህል የነበሩት ተረጂ ቤተ ሰቦች በ2000 ወደ 2.3 ሚሊዮን ገደማ ወረዱ። አግብተው የማያውቁ እናቶች በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከግማሽ በታች የነበረው የቅጥር ድርሻቸው ሁለት ሦስተኛ ያህል ደረሰ። ይህ እውነተኛ ለውጥ ነው፤ የሕጉም ወዳጆች በትክክል ይጠቅሱታል። ነገር ግን በዚያው ጊዜ የአገሩ ኤኮኖሚ በጣም ደርቶ ነበር፤ በ1975 የተጀመረውና በ1993 በእጅጉ የሰፋው፥ ዝቅተኛ ደመወዝ ላለው ሠራተኛ በግብር በኩል ገንዘብ የሚመልሰው ደንብ ሁለት ልጆች ላላት እናት እስከ ተወሰነ መጠን ድረስ በደመወዟ ላይ 40 በመቶ ይጨምርላት ጀመር። ከሦስቱ ምክንያቶች የትኛው የበለጠ ሠራ በሚለው ላይ ምሁራን እስካሁን ይከራከራሉ። ክርክር የሌለበት ግን አንድ ነገር አለ። በ1996 ከ100 ድኻ ቤተ ሰቦች 68ቱ ርዳታውን ያገኙ ነበር፤ በ2020 ያገኙት 21 ብቻ ናቸው።

ረ. በሥራ የሚያቆየው ምንድር ነው?

ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ መንግሥት ይህን ጥያቄ በቀጥታ አስመረመረ። ከላይ የጠቀስነው የምርምር ተቋም ለነጠላ ወላጆች ከመረመራቸው 12 ዐይነት ፕሮግራሞች መካከል ገቢን በጸና ሁኔታ ያሳደጉት ሦስቱ ብቻ ነበሩ። በቴክሳስ ሙሉ ጊዜ ለሠራ ሰው በወር 200 ዶላር ይጨመርለት ነበር፤ በቺካጎ ሠራተኛውን ከዝቅተኛው ሥራ አንሥቶ የተሻለ ወደሚከፍል አሠሪ ማዛወር ተሞከረ፤ በሪቨርሳይድም ሰዎቹ ከርዳታ ከወጡ በኋላ የአካባቢ ድርጅቶች ተከታተሏቸው። ምክርና ስልክ ጥሪ ብቻ የነበራቸው ግን ፍሬ አላሳዩም። በሜኔሶታም በ1990ዎቹ፥ ሥራ የያዘ ሰው ከርዳታው ብዙውን እንዳያጣ የተደረገበት ሙከራ የረጅም ጊዜ ተቀባዮችን ሥራቸውንም ገቢያቸውንም በአንድነት ከፍ አደረገ።

ይህ ታሪክ ለእኛም ሰዎች ባዕድ አይደለም። በ1980 የወጣው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ስደተኛው በተቻለ ፍጥነት ራሱን እንዲችል ያዛል። በ1980ዎቹ ከሱዳን መጠለያዎች በሺህ የሚቈጠሩ ኢትዮጵያውያን በዚህ ሕግ ሲገቡ፥ ለስደተኞች የሚሰጠው የገንዘብ ርዳታ መጀመሪያ 36 ወር የነበረው በ1982 ወደ 18 ወር፥ በ1991 ደግሞ ወደ 8 ወር ወረደ። የተማረውም ያልተማረውም በመጀመሪያ ያገኘውን ሥራ እንዲይዝ የተገደደው በዚሁ በሪቨርሳይድ ባየነው አሳብ ነው። በአገራችንም በ2016 በዐሥራ አንድ ከተሞች የተጀመረው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ሥራን ከርዳታ ጋር አያይዟል፤ እንግዲህ ጥያቄው ለእኛ ተመራማሪዎችም ቀርቧል።

መደምደሚያ

ከላይ እንደ ተመለከትነው፥ የሥልሳ ዓመቱ ልምድ ሦስት ነገር ያስተምራል። ሥራ የሚያዋጣ ሲሆን ሰው ይሠራል፤ ይህን የ1967 ሒሳብም የሜኔሶታም ሙከራ ይመሰክራሉ። ሁለተኛ፥ ተስፋ የላቸውም የተባሉት ሰዎች ከሁሉ የበለጠ ሊጠቀሙ ይችላሉ፤ ይህን የተደገፈው ሥራ አሳይቷል። ሦስተኛና ዋናው፥ መሥሪያ ቤት የሚሠራው የሚቈጠርበትን ነው። መዝገብ እንዲቀንስ የታዘዘ መዝገብ ይቀንሳል፤ ቅጥር እንዲያበዛ የታዘዘ ቅጥር ያበዛል። ቤተ ሰቡ ከዓመት በኋላ በምን ሁኔታ እንደሚገኝ እንዲናገር የታዘዘ መሥሪያ ቤት ቢኖር ግን ሞግዚቱንም፥ መጓጓዣውንም፥ ሁለተኛውንም ሥራ ማሰብ ግድ ይሆንበት ነበር።

ስለዚህ ከእኛ መካከል ወደፊት እንደዚህ ያለውን ፕሮግራም ለመመርመር የሚሠማራ ተማሪ ቢኖር፥ «ስንት ሰው ሥራ ያዘ?» ብሎ ጥያቄውን እንዳይዘጋ እናሳስባለን። ከዓመት በኋላ ተመልሶ የዚያኑ ሰው ደጃፍ ያንኳኳ፤ ጥናቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው።